የጀላል እጅ

አሥራ ሁለቱ ቤተሰቦች ከወይራ አምባ ቁልቁል መውረድ ሲጀምሩ ፀሐይ ገና ከተራራው ትከሻ አላለፈችም ነበር። ከፊት ሊቀ መንበር ጀላል፣ ከኋላ ጸሐፊው ሸረፈዲን፣ በመካከላቸው ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ የታዘለው፣ በእጅ የሚጎተተው። አህያ የተረፈው ሰው ስላልነበረ ሁሉም ጓዙን በገዛ ትከሻው ተሸክሟል። አንዱ ማረሻውን ይዟል፤ በሬዎቹ ካለቁ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ማረሻውን ግን አልተወም። አንዷ የቤቴን በር ነቅዬ ካልወሰድኩ ብላ ከትናንት ጀምራ ከጎረቤት ስትሟገት ነበር፤ በመጨረሻ ማጠፊያውን ብቻ አስነቅላ በመቀነቷ ቋጥራዋለች።

ቁልቁለቱ የላላ ድንጋይ ነው፤ የኮንጎ ጫማ ያንሸራትታል። ሰው በወደቀ ቁጥር ሰልፉ ይቆማል፤ ጀላልም ዘወር ብሎ «አብሽሩ፣ ቀስ እያላችሁ» ይላል። አንዲት አሮጊት ሲደክማቸው ስልቻቸውን ተቀብሎ በራሱ ሸክም ላይ ደረበው። አሮጊቷም መረቁት፤ የሰሙት ሁሉ አሜን አሉ። ሸረፈዲን ከኋላ ሆኖ ምርቃቱን ሲሰማ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

በብብቱ የገበሬ ማኅበሩን መዝገብ ይዟል። በመዝገቡ ውስጥ የአሥራ ሁለት አባወራ ስም የሰፈረበት ወረቀት አለ፤ የጻፈው እሱ ነው፤ ጽሕፈቱም እንደወትሮው ያማረ ነው። ወሩ መጋቢት፣ ዘመኑ ሰባ ሰባት ነበር። በልጉ ለሁለተኛ ዓመት ቀርቶ ቃሉ አውራጃ እንደ ሙቀጫ ደርቋል። ከአውራጃው የመጣው ደብዳቤ «በፈቃዳቸው ወደ ለሙ ወለጋ የሚሰፍሩ አሥራ ሁለት አባወራዎች» እንዲላኩ ያዝዛል። ፈቃዱን የሰጠው አውራጃው ነው፤ ወይራ አምባ የተጠየቀው ሰዎቹን ብቻ ነበር።

ሌላ ሊቀ መንበር ቢሆን ዝርዝሩን በግድግዳ ላይ ይለጥፈውና ሰዉ ሌሊቱን ወደ ጫካ ይፈስስ ነበር። ከወይራ አምባ ግን ማንም አልሸሸም። የተመረጠው በዕጣ ነው፤ ዕጣውን ያወጣው ደግሞ የጀላል እጅ ነው።

ስለ ጀላል እጅ ያልሰማ በዚያ አካባቢ አልነበረም። በስድሳ ስድስቱ ርሃብ የወይራ አምባ ሰው ወደ ደሴ መንገድ ወጥቶ አስፋልቱ ዳር ሠላሳ ሰው ወድቆ ነበር። ባዶውን ወደ ደሴ የሚመለስ አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ቆመና ሹፌሩ ስምንት ሰው ብቻ እጭናለሁ አለ። ደሴ ሆጤ ላይ ሴቶች በየግቢያቸው ገንፎ እያነኮሩ ለወደቀ ሰው ያበሉ ነበርና መኪናው ላይ የወጣ ይድናል፤ የቀረ ያው የቀረ ነው። ጀላል ያኔ ሽማግሌም ሹምም አልነበረም፤ እንደማንም ገበሬ ነበር። ጋቢውን አወለቀና ዕጣ ጣሉ አለ። አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ክር፣ አንዱ የጫማ ጠፍር ጣለ። የዘጠኝ ዓመት ልጁ የመሐመድም ዕጣ አብሮ ገባ። ጀላል ዓይኑን ጨፍኖ ስምንት ጊዜ አወጣ። መሐመድ አልወጣም።

አንዲት ሴት አንዱን መልስና የልጅህን አውጣ ብላ ለመነችው። ጀላል «ዕጣ የአላህ ነው፤ እጄ የኔ አይደለችም» ብሎ ጋቢውን አጣጠፈ። ልጁ በሦስተኛው ቀን እዚያው አስፋልቱ ዳር ሞተ። እናቱም ብዙ አልቆየችም። ከዚያ ቤት የቀሩት ጀላልና ታላቋ ልጁ ለይላ ብቻ ናቸው።

ስምንተኛ ሆኖ የወጣው ዕጣ የወንጭፍ ጠፍር ነበር። የወንጭፉ ባለቤት ቤተሰቡ ያለቀበት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ስሙም ሸረፈዲን ይባላል።

መሬት ለአራሹ ሲታወጅ የወይራ አምባ ሰው ሊቀ መንበር ምረጥ ቢባል ሌላ ስም አልጠራም። ጀላልም አላሳፈራቸውም። መሬቱን ሲያከፋፍል ለራሱ ድንጋያማውን ወሰደ። ሸረፈዲንን ፊደል አስቆጥሮ ጸሐፊ አደረገው፤ ጣይባን አጭቶ ዳረው። ክፉ ነው የሚል ጠላት እንኳ አልነበረውም። ችግሩ በስድሳ ስድስት የገደለን ርሃቡ ሳይሆን መበታተኑ ነው ብሎ ማመኑ ነበር። ስለዚህ ማንም እንዳይበተን አደረገ። መጀመሪያ ከቀበሌው የሚወጣ ሰው ያስፈቅድ አለ። ቀጥሎ ማስፈቀዱ የይለፍ ወረቀት ሆነ። ቀጥሎ ማኅተሙን ከሸረፈዲን ተቀብሎ በጠፍር በአንገቱ አንጠለጠለው፤ ሲሰግድም ሲተኛም አያወልቀውም። የእህል ጎተራው ቁልፍም ከማኅተሙ ጎን ገባ። ባለፈው ጥር ሀምዱ የሚባል ገበሬ ቢስቲማ ያሉ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ያለወረቀት ሄዶ ሲመለስ ሦስት ቀን አሠረው። የታሠረውም ለራሱ ሲባል ነው ተባለ፤ መንገድ ላይ እንዳይሞት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ጀላል ይህን ተረት የማይቀበል ሰው ነበር። የፈራሁትን በር ዘግቼ አስቀረዋለሁ አለ፤ በየዓመቱም አንድ በር ይዘጋ ነበር። ሸረፈዲን ይህን ሁሉ ያየዋል፤ ወረቀቱንም የሚጽፈው እሱ ነው። ነፍሱን ለሰጠው ሰው ደግሞ ምን ይባላል? ዝም አይነቅዝም ብሎ ዝም አለ።

ዕጣው የተጣለው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ዋርካው ሥር ነው። ጀላል ሕዝቡ ፊት ቆሞ አውራጃው ሰው ምረጥ ቢለኝም እኔ ሰው አልመርጥም፤ የልጄ የለይላ ቤትም እንደማንኛውም ቤት ዕጣ ይጥላል አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። መመሪያው ሊቀ መንበሩንና ጸሐፊውን ነፃ ያወጣ ስለነበር የሸረፈዲን ቤት ዕጣ አልጣለም። ጣይባ ይህን ስትሰማ ሁለት ረከዓ ሰገደች። ሸረፈዲንም ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይበት ጋቢውን ዘርግቶ እኔ እይዛለሁ አለ።

በደንቡ መሠረት ሰዉ ዕጣውን ሲያኖር ጀላል ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ስድሳ ሦስት ቤት ስድሳ ሦስት ዓይነት ነገር ጣለ፤ የወይራ ስንጥር፣ ባቄላ፣ ምስማር። ሀምዱ ከጣቱ ለይቶት የማያውቀውን የብር ቀለበት አወለቀ። ባሏ የሞተባት ዘሀራ የባሏን የካፖርት ቁልፍ ጣለች። ለይላ ከእናቷ አንገት የወረሰችውን አምበር ፈትታ አንዲቱን ፍሬ ጣለች። ሸረፈዲን የጋቢውን ጫፎች ሰብስቦ እንደ ከረጢት አነቀው። ጀላልም ዞረና ክንዱን እስከ ክርኑ አስገባ።

ስድስት ጊዜ እጁ ገብታ ወዲያው ወጣች። በሰባተኛው ቆየች። ሸረፈዲን አንገቱን ደፍቶ በጋቢው አፍ ወደ ውስጥ ሲያይ በጀላል ሁለት ጣቶች መካከል አምበሯን አየ። ጎኗ የተሸረፈ ነው። ጀላል ራሱ ለሟች ሚስቱ ከደሴ ገበያ ያመጣላት አምበር ነበርና ጣቱ ሽራፊውን አንዴ፣ ሁለቴ ዳሰሰው። ከዚያ ጣቶቹ ተከፈቱ። አምበሯ ጨርቁ ላይ ስትወድቅ ድምፅ አልነበራትም። እጁም ጥቂት ፈልጋ የካፖርት ቁልፍ ይዛ ወጣች።

«የማን ነው?» አለ ጀላል።

«የኔ ነው፤ አልሐምዱሊላህ» አለች ዘሀራ።

ዘሀራ ሦስት ልጆች አሏት። እናቷ እማማ ረሂማ አልጋ ላይ ከወደቁ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ አጉርሳ የምታሳድራቸው እሷ ናት። አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ አይጫንም ተብሏል። እንግዲህ መሄድ ማለት እናትን በቁም መቅበር ነው፤ ይህን ዋርካው ሥር የነበረ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሸረፈዲንም ያውቃል። ጋቢውን ግን አጥብቆ እንደያዘ ቆየ፤ ጀላልም አምስት ቀሪ ዕጣ አወጣ።

አሁን ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ሲጀምር ዘሀራ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ቀረችና ከሸረፈዲን ጎን መሄድ ጀመረች። ትንሹን አዝላለች፤ ሁለቱ ቀሚሷን ይዘው ይከተሏታል። መጀመሪያ ስለ እናቷ አወራችው። ለይላ ከኔ የበለጠ አለቀሰች አለችው። እማማ ረሂማን ወደ ቤቷ አስገብታ፣ እንደ እናቴ ነው የማያቸው፣ አማናሽን አልበላም ብላ ምላ ተቀብላታለች። ሸረፈዲን ኸይር ነው፣ ለይላ ደግ ልጅ ናት አለ። እውነቱን ነው፤ ለይላ አባቷ ያደረገውን አታውቅም። ዘሀራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሸረፉ፣ ጋቢውን የያዝከው አንተ ነህ። ዕጣው ቀጥ ያለ ነበር?»

«ምነው እት ዘሀራ?»

«ሸይጧን ነው መሰለኝ ሲያጫውተኝ የከረመው። እኔ ጋ ሲደርስ የጋሽ ጀላል እጅ የቆየች መሰለኝ። የአላህ ቀደር ከሆነ ሶብር አደርጋለሁ፤ እናቴንም ትቼ እሄዳለሁ። የሰው ሥራ ከሆነ ግን ያን ቋጥኝ እንዳለፍን ልጆቼን ይዤ እጠፋለሁ። እናቴ ከእጄ ውሃ ሳትጠጣ አትሞትም።»

ቋጥኙ መቶ እርምጃ አይሞላም። ከኋላው ወደ ሐርቡ የሚያወጣ የቁልቋል ጫካ አለ። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። ሸረፈዲን ቃሉን በአፉ ውስጥ አገላበጠው። እሷ ብትጠፋ አሥራ አንድ ይቀራሉ፤ አሥራ ሁለተኛው ከየት ይመጣል? ሌላ ዕጣ ይጣል ቢባል ጸሐፊው ነፃ ነው የሚለውን መመሪያ ማን ያስታውሰዋል? ጣይባና ሁለቱ ልጆቹ ዓይኑ ላይ መጡ።

«ቀጥ ያለ ነበር» አለ።

«ወላሂ በልልኝ።»

«ወላሂ።»

«አላህ ይስጥህ ወንድሜ፤ ቀለል አለኝ» አለችና ልጆቿን እየጠራች ወደ ፊት አለፈች። ቋጥኙን ስታልፍ ዞራ እንኳ አላየችውም። ሸረፈዲን በዕድሜው ብዙ ነገር ዋሽቷል፤ ለግብር ሰብሳቢ፣ ለካድሬ፣ ለሚስቱም ቢሆን። በአላህ ስም ሲዋሽ ግን የመጀመሪያው ነበር። ጆሮው እስኪግል ድረስ አፈረ።

ዙሁር የሰገዱት ቦርከና ወንዝ ዳር ነው። ውሃው ከጠጠሮቹ መካከል እየተፈለገ የሚገኝ ሆኗል። ሸረፈዲን ሰግዶ ሲያበቃ ስንት ረከዓ እንደሰገደ አላወቀም። ሰዉ ጥላ ፍለጋ ሲበታተን ጀላል በዓይኑ ጠቀሰውና ወደ አንድ ሾላ ሥር ወሰደው። ካኪ ኮቱን አውልቆ ነበርና የማኅተሙ ጠፍር አንገቱ ላይ ያወጣው መስመር ይታያል። ዘሀራ ምን አለችህ ብሎ ጠየቀው። ሸረፈዲን ስለ ዕጣው እንደጠየቀችውና ቀጥ ያለ ነበር እንዳላት እየተንተባተበ ነገረው።

«እንግዲያው አይተሃል ማለት ነው» አለ ጀላል። «ምንም ያላየ ሰው እኔ ፊት እንዲህ አይንተባተብም።»

ሸረፈዲን መዝገቡን ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው አዛወረ።

«በመሐመድ ጊዜ እጄን ለአላህ ሰጠኋት። ልጁን ወሰደው፤ እናቱን ጨመረ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ዓርብ ዕለት ያቺ አምበር ጣቴ ላይ ስትመጣ ላውጣት ብል እጄ እምቢ አለች። ማን አለኝ ሸረፉ? ከለይላ ሌላ ማን አለኝ?»

ሸረፈዲን የሰውየው ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ሰማ። ስለ ለይላስ ይሁን ሊል ምንም አልቀረው። ነገር ግን ከዓርብ ጀምሮ ሲያሰላስለው የከረመ ሌላ ነገር ነበር። ከዘሀራ በኋላ የወጡት አምስት ዕጣዎች የእነማን ነበሩ? አንዱ የሀምዱ ቀለበት ነው። ሁለቱ ደግሞ የጎተራው ቁልፍ በኮሚቴ እጅ ይሁን ብለው ስብሰባ ላይ የተናገሩ ሰዎች ናቸው።

«ሀምዱስ?» አለ። «ሀምዱ ምን ሊወስድብዎ ነበር?»

ጀላል ቀና ብሎ አየው። የተቆጣ አይመስልም፤ ይልቅስ ለልጅ የሚያስረዳ አባት ይመስል ነበር። «እጅ አንዴ ካወቀች በኋላ አላወቅኩም አትልም። ቀለበቱን ያዝኩት፤ የሀምዱ መሆኑን አወቅኩ። ይሄ ሰው መንደሩን ሊበትነው ነው አልኩ በልቤ። ለጠብ ሳይሆን ለመንደሩ ብዬ ነው። አሁን ወይራ አምባ አንድ ልብ ሆኖ ይኖራል፤ ታያለህ።» ኮቱን አንስቶ መልበስ ጀመረ። ቁልፎቹን እየቆለፈም «ያን ጊዜ ስምንተኛው አንተ ነበርክ። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን አንስቼብህ አውቃለሁ?» አለ።

«አያውቁም፣ ጋሽ ጀላል።»

«ዛሬም አላነሳሁትም» አለና ሕዝቡን ሊያስነሳ ሄደ።

ከዚያ እስከ ኮምቦልቻ ሸረፈዲን ከማንም ጋር አልተነጋገረም። ሀምዱ ሽማግሌ አባቱን ይዞ ከፊቱ ይሄዳል፤ ቀለበቱ ተመልሶለት በጣቱ ላይ ነው። ምን አድርጌ ነው አላህ የመረጠኝ እያለ ለአባቱ ያጫውታል፤ ምናልባት እዚያ መሬቱ ጥቁር ነው ይላል። ሸረፈዲን ይህን እየሰማ ጀላልን ሊጠላው ሞከረ። አልሆነለትም። ሊጠላው የሚችለው ሰው ሌላ ነበር፤ እሱንም መዝገብ አሸክሞ ይዞት ይሄዳል።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ ከከተማው ዳር ባለ ሜዳ ሦስት ሸራ ለባሽ ኤንትሬ መኪኖች ቆመው አገኙ። ከየገበሬ ማኅበሩ የመጣ ሰው በየጓዙ ላይ ተቀምጧል። ቀይ ጨርቅ በሁለት እንጨት ተወጥሮ ስለ ብሩህ ተስፋ ተጽፎበታል፤ ማንበብ የሚችሉት ግን የመጡት ጸሐፊዎች ብቻ ነበሩ። ካድሬው ወጣት ነው፤ ሰማያዊ ካኪ ለብሶ ከንፈሩ በአቧራ ነጥቷል። ጀላልን «ጓድ ሊቀ መንበር፣ እንደ ቃልህ በሰዓቱ መጥተሃል» ብሎ ጨበጠውና ከዝርዝሩ ግልባጩን ከሸረፈዲን ተቀበለ።

ከእነሱ በፊት የሚጫኑት የሌላ ቀበሌ ሰዎች ነበሩ። አንድ አባወራ መንገድ ላይ ጠፍቶባቸው ኖሮ ቁጥሩ ጎደለ። ካድሬው አልጮኸም፤ ማን ነው ያመጣቸው አለ። ጸሐፊያቸው እኔ ነኝ ብሎ ብቅ ሲል እንግዲያው አንተ ሙላ አለው። ሰውየው የሚሣቅ ነገር የሰማ መስሎት ፈገግ አለ። ሁለት ሚሊሻዎች ክንዱን ይዘው ከነመዝገቡ መኪናው ላይ አወጡት። ለቤቴ ንገሩልኝ፣ ቤተሰቤን ንገሩልኝ ሲል መኪናው ተንቀሳቀሰ።

የወይራ አምባ ተራ ሲደርስ ሰዉ ጓዙን አነሳ፤ ነገር ግን ወደ መኪናው አልሄደም። ወሎ ውስጥ ሰው አውፍ ሳይባባል ረጅም መንገድ አይወጣም። ያስቀየመ የተቀየመውን፣ የተቀየመም ያስቀየመውን ይቅር ይለዋል፤ ሞት መንገድ ላይ ቢያገኘው ያለ ሰው ሐቅ እንዲሄድ። ስለዚህ አሥራ ሁለቱም አባወራ ተራ በተራ ወደ ጀላል መጡ። አውፍ በሉኝ ይሉታል፤ አውፍ ብያለሁ፣ እናንተም አውፍ በሉኝ ይላል፤ አውፍ ብለናል ይላሉ። ሀምዱ ሳይቀር ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ያሰርከኝን ረስቼዋለሁ አለው። ጀላል አነሳውና ትከሻውን ሳመው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሸረፈዲን የምሩን እንደሆነ አየ፤ ያ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነገር ሆነበት።

ሰባተኛዋ ዘሀራ ናት።

«ጋሽ ጀላል፣ እኔን እንኳ አጥብቀው አውፍ ይበሉኝ» አለች። «በልቤ በደልኩዎ። እጅዎን ጠረጠርኳት። ልጁን ለዕጣ የሰጠን ሰው ጠረጠርኩ፤ አላህ ይማረኝ።»

ጀላል አንድ ጊዜ ወደ ሸረፈዲን አየ። ከዚያ እጁን በትንሹ ልጇ ራስ ላይ አደረገና «አውፍ ብዬሻለሁ ልጄ፤ አላህም ይበልሽ» አላት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሸረፈዲን ዘሀራን ተከትሎ እስከ መኪናው ኋላ ድረስ መሄዱን እንኳ ያወቀው ከተናገረ በኋላ ነው።

«እት ዘሀራ፣ ዋሽቼሻለሁ። የወጣው የለይላ አምበር ነበር። መልሶ ጣለውና ያንቺን አወጣ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ዘሀራ ጓዟን ቀስ ብላ መሬት አኖረች። አልጮኸችም።

«ለይላ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ታዲያ እናቴን ለማን ነው የተውኳት እኔ?»

«አውፍ በይኝ» አለ ሸረፈዲን።

«እስካሁን አላህ የሰጠኝን ነበር የተሸከምኩት። ቢከብድም ይያዛል። አሁን የናንተን አሸከምከኝ። ቋጥኙ ጋ ብትነግረኝ እግር ነበረኝ፤ እዚህ የነገርከኝ እንዲቀልልህ ነው። ከኔ ላይ ምን አነሳህልኝ?» ከዚያ በብብቱ ያለውን መዝገብ አየች። «ማንበብ አላውቅም። ስሜን እዚያ ላይ ያኖርከው ግን አንተ ነህ። ሰርዘው።»

ሸረፈዲን መዝገቡን ከፈተ። እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አወጣ። ስሟ ሰባተኛው መስመር ላይ ነው። የእስክሪብቶው ጫፍ «ዘ» ላይ አረፈ፤ አንድ መስመር መሳብ ብቻ ይቀረዋል። በዚያው ቅጽበት ካድሬው መኪናው ጎማ ላይ ወጥቶ ግልባጩን ማንበብ ጀመረ። ስም ሲጠራ መልሱን የሚሰጠው ጸሐፊው ነው። ሸረፈዲን እስክሪብቶውን ሳያነሳ ለመጀመሪያው «አለ» አለ፤ ለሁለተኛውም፤ ለሦስተኛውም። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ከመኪናው ላይ የሕፃናት ለቅሶ ይሰማል።

«ዘሀራ ሰይድ።»

ዘሀራ ሸረፈዲንን እያየች ዝም ብላ ቆመች። የለመነችውን ለምናለች፤ ሌላ አትጨምርም። ጀላል ከወዲያ ማዶ ቆሟል። ያልለመደበት ነገር ነው፤ በዓይኑ ይለምናል። ምን ብሎ እንደሚለምን፣ ዝም በል ይሁን ተናገር ይሁን፣ ሸረፈዲን ሊለየው አልቻለም።

«ዘሀራ ሰይድ። ጓድ ጸሐፊ፣ አለች የለችም?»

ካድሬው ቀና አለ። ሁለቱ ሚሊሻዎችም ዞሩ። ሸረፈዲን ጣይባ አሁን ምን እየሠራች ይሆን ብሎ አሰበ። ከቤት ሲወጣ ለማታ ቶሎ ና ብላዋለች፤ ትንሿ ደግሞ እግሩን ይዛ አልለቅም ብላ ነበር።

«አለች» አለ።

ዘሀራ ልጆቿን አንድ በአንድ ወደ ላይ አቀበለችና ማንም ሳይደግፋት ወጣች። ሸረፈዲን ከሰባተኛው ስም ጎን የራይት ምልክት አደረገና ስምንተኛውን ጠበቀ።